ፎርማቱን ተወው፣ ገመዱን እየው

በዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ችግር ላይ ናቸው፣ ጌም መሃል ድንገት ሪስታርት የሚያደርግ ዴስክቶፕ። መልሳቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ላይ ቆየት እንላለን ምክንያቱም እንዲህ ዓይነት መልእክት በብዛት ነው የሚደርሰን።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ ምክንያቱም ሊያሳብደኝ ነው። ጌም ስጫወት አንዳንዴ በ10 ደቂቃ አንዳንዴ በ1 ሰዓት ድንገት ስክሪኑ ይጠፋና ድምፁም ቀጥ ይልና ፋኖቹ አንዴ ጮኸው ኮምፒውተሩ ራሱ ተመልሶ ይነሳል፣ ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ ኤረር የለ፣ ምንም የለ። ሞኒተሩ ላይ ለትንሽ ሰከንድ ሲግናል የለም የሚለው ጽሑፍ ብቻ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ፊልም ባይበት፣ ብራውዘር ላይ 40 ታብ ብከፍት ንክች አይልም። ዊንዶውሱን ሁለቴ ፎርማት አደረግኩት። ጓደኛዬ ቫይረስ ነው ስላለኝ አንቲቫይረስ ጫንኩ፣ ከዛ ራም ነው ተባለና ራም ቀየርኩ፣ ያው ነው። ሙቀቱንም አይቼዋለሁ፣ ግራፊክስ ካርዱ ከ72 ፕሮሰሰሩ ከ68 ዲግሪ አያልፍም። ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ላይ ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ነገር አገኘሁ፣ ስለሱ ሳነብ አንዱ ፓወር ሰፕላይህ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ሞቷል ይላል ሌላው ድራይቨር ነው ይላል። ፕሮሰሰሬ ራይዘን 5 5600፣ ግራፊክስ ካርዴ አርቲኤክስ 3080፣ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ 650 ዋት ነው፣ እሱ ከድሮው ኮምፒውተሬ የተረፈ ነው ግን ይሰራል። ዋቱን ደምሬ ሳየው ይበቃል። ምን ልቀይር?
(ግራ የገባው ተጫዋች)

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። መልእክትህን ሳነብ ቀጥ ብዬ የቆምኩት «ከድሮው ኮምፒውተሬ የተረፈ ነው ግን ይሰራል» የምትለዋ ጋር ስደርስ ነው። ይሰራል፣ አዎ። ፊልም ያሳያል፣ 40 ታብ ይከፍታል። ግን ያ ለሱ ሥራ አይደለም እኮ፣ ያኔ ኮምፒውተርህ የሚበላው 100 ዋት እንኳን ላይሞላ ይችላል። ሥራ የሚጀምረው ጌሙ ሲከፈት ነው።

በመጀመሪያ ግን ፎርማት ማድረጉን ተው። ሁለቴ ፎርማት አድርገህ ካልተለወጠ ሦስተኛው ምንም አያመጣም። እኔ ኮምፒውተር አስቸገረኝ የሚል ሰው ሁሉ ለምን ፎርማት እንደሚቀድመው አይገባኝም፣ ምናልባት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሰራ ነገር ስለሆነ ይሆናል። ዋናው ጥያቄ ማሽኑ እንዴት ነው የሚጠፋው የሚለው ነው። ዊንዶውስ ወይም ድራይቨር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ምልክት ይተዋል፣ ጌሙ ብቻውን ይዘጋል፣ ምስሉ ደርቆ ይቀራል፣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ያንተ ግን ምስሉም ድምፁም በአንድ ቅጽበት ነው ቀጥ የሚሉት። መብራት ሲቋረጥ የሚሆነው ማለት ነው።

ለምን እንደዛ እንደሚሆን ልንገርህ። ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ ለሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) «ቮልቴጁ ደህና ነው» እያለ ሁሌ የሚልክበት አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፣ ፓወር ጉድ ይሏታል፣ ባለ 24 ፒኑ ትልቁ ገመድ ውስጥ ነው ያለችው፣ ሽቦዎቹ ባለቀለም ከሆኑ ግራጫዋ ናት። ጭነቱ ከብዶት 12 ቮልቱ ለቅጽበት እንኳ ከልክ በታች ከወረደና ያቺ ሲግናል ከጠፋች ማዘርቦርዱ ማንንም ሳያስፈቅድ ሁሉንም ነገር ሪሴት ያደርጋል። ዊንዶውስ አንዲት መስመር ለመጻፍ ጊዜ የለውም፣ ስለዚህ ነው ኤረር የማታየው።

ያቺ 41 የምትባለውም ዊንዶውስ ተመልሶ ሲነሳ «ባለፈው በስርዓት አልተዘጋሁም» ብሎ የሚጽፋት ማስታወሻ እንጂ ምርመራ አይደለችም። ስሟ ላይ ፓወር የሚል ስላለ ብቻ ፓወር ሰፕላይ ሞተ ማለት አይደለም፣ ቁልፉን በእጅህ ተጭነህ ብታጠፋውም ትመጣለች። ግን ክሊክ አድርገህ ዲቴይልስ የሚለውን ስትከፍት ባግቼክ ኮድ የሚል ታገኛለህ። እዛ ጋር 0 ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን አልተመዘገበም ማለት ነው። ሌላ ቁጥር ካለ ሰማያዊ ስክሪን ነበረ አንተ ግን አላየኸውም ማለት ነው፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ ሲወድቅ ቶሎ ሪስታርት እንዲያደርግ ከመጀመሪያው ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ይሄን ለማጥፋት አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ ግባ፣ ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ የሚለው ውስጥ አውቶማቲካሊ ሪስታርት ከሚለው ላይ ምልክቷን አንሳ። ከዛ ተጫወት። ሰማያዊው መጥቶ ከቆመ በስልክህ ፎቶ አንሳው። ሰማያዊ ሳይመጣ አሁንም ዝም ብሎ ከተነሳ የምናወራው ስለ ሃርድዌር ነው።

አሁን ወደ ዋቱ። ስሌትህ አልተሳሳተም። 3080 320 ዋት ነው የተጻፈበት፣ 5600 ሲበዛ ሲበዛ ወደ 76 ዋት ይበላል፣ ማዘርቦርድ ራም ዲስክ ፋን ምናምን 50 ወይም 60 በለው፣ 450 አካባቢ ይመጣል። 650 ይበቃል ትላለህ። ችግሩ 320 የሚለው አማካይ ነው። ዘመናዊ ግራፊክስ ካርድ ፍጆታው ወጣ ገባ ነው፣ በተለይ ይሄ የ3080 እና የ3090 ትውልድ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከተጻፈበት በላይ ዘሎ ይመለሳል። በሶፍትዌር ስታየው አይታይህም፣ ሶፍትዌሩ በሰከንድ አንዴ ምናምን ነው የሚያነበው። ኩንታል ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ የሚሄድን ሰው በዛው ሸክም ዝለል ብትለው ጉልበቱ የሚከዳው መሬት ሲነካ ነው፣ ኩንታሉ ስለጨመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የሚባለው የፓወር ሰፕላይ ደረጃ ለዚህ ብሎ ነው ከተጻፈበት ዋት እጥፍ የሚደርስ ዝላይ ለ100 ማይክሮሰከንድ መቻል አለበት የሚል ነገር ያስገባው። ያንተ ከዛ በፊት የተሰራ ከሆነ እንደዛ ያለ ግዴታ አልነበረበትም። ኤንቪዲያ ራሱ ለ3080 የሚመክረው 750 ዋት ነው። በዛ ላይ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚይዙት ክፍሎች) ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይደክማሉ፣ አዲስ እያለ የተሸከመውን ዛሬ ላይሸከም ይችላል።

በነገራችን ላይ ዋት የሚለውን ትልቅ ቁጥር ብቻ አትመን። አንዴ አንድ ሰው ያመጣልኝ ፓወር ሰፕላይ ፊቱ ላይ 600 ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል፣ ገልብጬ ጎኑ ላይ ያለችውን ስቲከር ሳነብ ግን ከ12 ቮልት በታች የተጻፈው 25 አምፔር ነው። 25 በ12 ስታባዛ 300 ዋት። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነው፣ ስለዚህ ያ ነገር ለጌም 300 ዋት ብቻ ነበር፣ የቀረው በ3.3 እና በ5 ቮልት የተከፋፈለ ለጌም ብዙም የማይጠቅም ነው። ያንተንም ገልብጠህ አንብብ።

ግን ዛሬውኑ ሮጠህ አትግዛ። ሳንቲም የማያስወጡ ሙከራዎች አሉ።

አንደኛው ኬዙን እንኳ መክፈት አይፈልግም። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫን (ካርድህ የሌላ ድርጅት ቢሆንም ይሰራል)፣ ፓወር ሊሚት የሚለውን ወደ 70 አውርደው፣ ከዛ ጌሙ ውስጥ ፍሬሙን (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) 60 ላይ ገድበው። አሁን ያ በ10 ደቂቃ የሚጥልህን ጌም 2 ወይም 3 ሰዓት ተጫወተው። ካልጠፋ መልሱን አገኘህ፣ በአብዛኛው የኃይል ጉዳይ ነው። አንዳንድ ሰው ደግሞ ጌሙ ውስጥ ሳይሆን ሜኑው ላይ ወይም ሎዲንግ ላይ ነው የሚጠፋብኝ ይላል፣ ሜኑ ምን ይከብዳል ትላለህ፣ ግን ፍሬም ካልተገደበ ሜኑ ላይ በሰከንድ ብዙ መቶ ፍሬም ሊሄድ ይችላል፣ ካርዱ እዛ ጋር ነው የሚንደቀደቀው።

ሁለተኛው ገመዱ ነው፣ አርእስቱም ከዚህ ነው የመጣው። ግራፊክስ ካርድህ ላይ ሁለት ባለ 8 ፒን ሶኬት ካለው ከፓወር ሰፕላዩ እስከ ካርዱ ስንት ገመድ ነው የሚሄደው? ሁለቱ ጫፎች ከአንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ከሆኑ፣ አንዱ ተሰክቶ ከሱ ትንሽ ጅራት ወጥቶ ሁለተኛው ላይ የሚሰካው ዓይነት፣ ያ ለዚህ ካርድ አይሆንም። አንድ ባለ 8 ፒን የተመደበለት 150 ዋት ነው፣ ከማዘርቦርዱ ስሎት 75 ይመጣል፣ የቀረው ሁሉ በዛች አንዲት ገመድ ነው የሚያልፈው፣ ጭነቱ ሲዘል ቮልቴጁ ገመዱ ላይ ይወርዳል። ፓወር ሰፕላዩ ሁለተኛ የፒሲአይ ኢ (የግራፊክስ ካርድ) ገመድ ካለው ለየብቻ ሁለት ገመድ ስካ። ይቺን ብቻ አድርገው የተገላገሉ ሰዎች አውቃለሁ። ስትሰካም ቀጭ እስኪል ግፋው፣ ግማሽ የገባ ሶኬት ይሞቃል፣ ይቀልጣልም።

እዚህ ጋር ግን እባክህ ስማኝ። ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ገመድ አምጥተህ እንዳትሰካ። ካርዱ ጋር ያለው ጫፍ ለሁሉም አንድ ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ጋር ያለው ጫፍ ግን እያንዳንዱ ድርጅት እንደፈለገ ነው የሚያደርገው። ልክ ገብቶ ይሰካልሃል፣ ከዛ 12 ቮልቱ የማይሆን ቦታ ሄዶ ዲስክህን ወይም ካርድህን ያቃጥለዋል። ፓወር ሰፕላዩንም ራሱን ከፍተህ አትይ፣ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ሰው የሚመታ ቻርጅ ይዞ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ ማከፋፈያውን ትተህ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰክተህ ሞክር።

አራተኛዋ የምትገርም ናት ግን በራሴ ደርሶብኛል። አንድ ወር ሙሉ ፓወር ሰፕላይ እየጠረጠርኩ ሌላ ተውሼ ሁሉ ሞክሬ አልተገኘም፣ መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ኬዙ ላይ ያለችው ሪሴት ቁልፍ ሆነች። ውስጧ ተጣብቃ ነበር፣ ጌም ሲከፈት ፋኖቹ ይፈጥናሉ፣ ኬዙ ይንቀጠቀጣል፣ ቁልፏም ትነካለች። ከማዘርቦርዱ ጥግ ላይ ሪሴት ኤስደብሊው የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ሶኬት ነቀልኳት፣ አበቃ። አንተም ነቅለህ አንድ ቀን ተጫወትበት፣ የሚጎድልህ ነገር የለም።

እነዚህን አድርገህ ፓወር ሊሚቱ ሲወርድ ደህና ሆኖ ሲመለስ ከጠፋ፣ ሁለት ገመድም ካልፈታው፣ ከጓደኛህ 750 ወይም 850 ዋት ተውሰህ አንድ ማታ ሞክርና ከዛ ግዛ። ስትገዛ ኤቲኤክስ 3.0 ወይም 3.1 የሚል ቢሆን ጥሩ ነው። እስክትገዛ ድረስ ፓወር ሊሚቱን 75 ላይ አድርገህ ተጫወት፣ የምታጣው ፍሬም ከምታስበው በጣም ያነሰ ነው።

ፓወር ሊሚት ቀንሰህም ከጠፋብህ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ኢቨንት ቪውወር ላይ ዊያ ሎገር የሚል ቁጥሩ 18 የሆነ አለ ወይ ብለህ ፈልግ። ካለ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ወይም የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው፣ ያኔ ያደረግከው ኦቨርክሎክም (ፍጥነት መጨመር) አንደርቮልትም (ቮልቴጅ መቀነስ) ካለ ሁሉንም መልስ፣ ባዮሱን (ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ማስነሻ ሶፍትዌር) አድስ፣ ራሙ ላይ ኤክስኤምፒ የሚባለውን (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን) አጥፋ። ራም ቀየርኩ ብለሃል ግን አዲሱንም በኤክስኤምፒ ካስኬድከው ፍጥነቱ ራሱ ሊሆን ይችላል ችግሩ። ሙቀቱን በተመለከተ 72 እና 68 ምንም አይልም፣ እርሳው። ፕሮሰሰር በሙቀት ሲጠፋ መጀመሪያ ራሱን ያዘገያል፣ ከዛም ካለፈ ጠፍቶ ይቀራል እንጂ እንዲህ ቶሎ ተመልሶ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የኔም ጌም ስጫወት ይጠፋል ግን ልዩነቱ መጀመሪያ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ጲጵ ጲጵ ጲጵ ይላል ከዛ ሁሉም ነገር ይጠፋል ሞኒተሩም ጭምር። ዩፒኤሱ 650 ቪኤ ነው፣ ኮምፒውተሬ ደግሞ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው ያለው ስለዚህ እኩል ነው ብዬ ነበር የገዛሁት። ባትሪው ነው ወይስ ኮምፒውተሩ?
(እህታችሁ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሞኒተሩም ጭምር ያልሽው ነገር ጉዳዩን ጨረሰልን። ኮምፒውተሩ ብቻ ቢሆን ሞኒተሩ መብራቱ በርቶ ሲግናል ፍለጋ ይቆይ ነበር። ሁሉም አብሮ ከሄደ ጥፋቱ ከሳጥኑ ውጭ ነው፣ እሱም ዩፒኤሱ ነው።

ቪኤ እና ዋት አንድ አይደሉም። ትንንሾቹ ዩፒኤሶች ላይ ዋቱ ብዙ ጊዜ ከቪኤው 60 በመቶ አካባቢ ነው፣ ያንቺ 650 ቪኤ ማለት 390 ዋት ቢሆን ነው፣ ከጀርባው ስቲከር ላይ ታገኚዋለሽ። ጌም ላይ ኮምፒውተሩ ከሞኒተሩ ጋር ሆኖ ከዛ ካለፈ ጩኸቱ ከበደኝ ማለቱ ነው። ዩፒኤሱን ትተሽ ግድግዳ ላይ ሰክተሽ አንድ ቀን ተጫወቺ፣ ካልጠፋ ኮምፒውተርሽ ጤነኛ ነው። ትልቅ ስትገዢ ዋቱን እንጂ ቪኤውን አትዪ፣ ከቻልሽ ደግሞ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለውን ውሰጂ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ከርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ የሚመጣውን የተቆራረጠ ሞገድ አይወዱትም፣ ልክ ወደ ባትሪ ሲዞር ይጠፋሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ስለ ጌም ብዙም አላውቅም፣ የልጄ ኮምፒውተር ነው። ጌም ሲከፍት አንዳንዴ የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል የሚል ጽሑፍ መጥቶ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ሰማያዊ ይሆንና ሪስታርት ያደርጋል፣ በየጊዜው ሌላ ሌላ ኮድ ነው የሚጽፈው። ያየው ባለሙያ ግራፊክስ ካርዱ ስለተበላሸ አዲስ ይገዛ አለ። ፕሮሰሰሩ 14ኛ ትውልድ ኮር አይ 9 ነው፣ ሲገዛ ምርጡ ነው ተብለን ነበር። ልግዛ?
(የሁለት ልጆች አባት)

መልስ፦ ጌታዬ፣ እባክዎ ለጊዜው አይግዙ። ጽሑፉ ቪዲዮ ሜሞሪ ስለሚል ሰው ሁሉ ግራፊክስ ካርድ ላይ ይሄዳል፣ ግን የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ላይ ይቺ ጽሑፍ የታወቀች ናት። ጌሞቹ ሲነሱ ብዙ የታመቀ ፋይል የሚፈታው ፕሮሰሰሩ ነው፣ እሱ ሲሳሳት ጌሙ ግራ ገብቶት ሜሞሪ አለቀ ይላል። ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ጉዳዩን አምኖ ምክንያቱ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ በጊዜ ብዛት ራሱን መጉዳቱ ነው ብሏል፣ በማይክሮኮድም (ፕሮሰሰሩ ራሱ ውስጥ በሚሠራ ትንሽ ሶፍትዌር) አስተካክሏል። ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዝሟል።

ማይክሮኮዱ የሚመጣው በባዮስ አፕዴት ነው፣ ከማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ላይ የቅርቡን አውርዶ ማስገባት ነው። ልጅዎ ይችላል፣ ብቻ ባዮሱ እየታደሰ ኮምፒውተሩን እንዳያጠፋው ይንገሩት። ከዛ ባዮስ ውስጥ የኢንቴል ዲፎልት ሴቲንግስ የሚለውን ይምረጥ። አዲስ ለሆነ ፕሮሰሰር ይሄ ይጠብቀዋል፣ ቀድሞ የተጎዳውን ግን አያድነውም፣ ስለዚህ ባዮሱ ታድሶም ችግሩ ከቀጠለ የግዢ ደረሰኙን ይዘው ፕሮሰሰሩ እንዲቀየር ይጠይቁ።

ለማረጋገጥ ከፈለጉ አንድ ቀላል ነገር አለ። ግራፊክስ ካርዱን አውጥተው የሌላ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ቀን ያስጫውቱት። እዛ ያለ ችግር ከሠራ ካርዱ ደህና ነው፣ ባለሙያውም ሌላ ነገር ይፈልግ።